አንጋፋዋ ድመትና ደጅ ጠኚው

ውሻ የጌታው ነው፤ ድመት ግን የቤቱ ናት ሲሉ ሽማግሎች ሲናገሩ እንሰማለን። ባለቤቱ ሰፈር ቢለውጥ ውሻው ዕቃ የተጫነበትን መኪና ተከትሎ ይሮጣል፤ ድመቷ ግን ሰው ወደ ሌለበት ወደ አሮጌው ቤት ተመልሳ በጣራው ላይ ትቀመጣለች። ብዙ ሰዎች ይህን ጠባይዋን እንደ ነውር ይቈጥሩባታል፤ ፍቅር የላትም፥ የምትኖረው ለሆዷ ብቻ ነው ይላሉ። እኛ ግን በዚህ ነገር ከነዚህ ሰዎች ጋር አንስማማም። ድመት ቤቷን አጥብቃ የምትይዘው ቤቱ ለርሷ ግድግዳና ጣራ ብቻ ስላልሆነ ነው። ቤቱ ርስቷ ነው። በርስቷ ላይ ደግሞ ሳታውቀው ሌላ ሰው የተተከለባት ባለርስት ምን እንደሚሰማት ለአንባቢዎቻችን ማስረዳት አያስፈልግም።

ይህን የምንጽፈው በየቤቱ የሚደርስ ነገር ስለ ሆነ ነው። ልጆች ከመንገድ አንድ የራበው ግልገል ድመት አንሥተው ይመጣሉ፤ በቤት ውስጥ ደግሞ ለብዙ ዓመት የኖረች አሮጌ ድመት አለች። እንግዲህ ምን ይደረጋል? ግልገሉን ማባረር ጭካኔ ነው፤ አሮጊቷን ማስቀየም ደግሞ ከዚያ አያንስም።

በቤታችን ያለችው አንጋፋ ድመት ጥቁርና ነጭ ናት። ስሟን እሜቴ ብለው ያወጡላት እናታችን ናቸው፤ በ2003 ዓ.ም. የአንድ ጭብጥ ያህል ሆና ከመጣች ጀምሮ የርሳቸው ድመት ናት። እናታችን ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ እሜቴ ለርሳቸው ድመት ብቻ አይደለችም፤ እንደ ሰዓትም ታገለግላለች። ሌሊት ከእግራቸው ሥር ትተኛለች፤ ከእግራቸው ላይ ተነሥታ ወደ መስኮቱ ስትሄድ ሊነጋ መሆኑን ያውቃሉ። ከመስኮቱ ወርዳ ወደ ማድ ቤት ስታመራ የቁርስ ሰዓት ደረሰ ማለት ነው። እኛ ወደ ሥራ፥ ልጃችንም ወደ ትምህርት ቤት በምንሄድበት ጊዜ በዚያ ቤት የሚቀሩት ሁለቱ ናቸው።

ሁለተኛው የተገኘው በ2016 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ነው። የፒያሳው የዶሮ ማነቂያ ሰፈር በዚያው ዓመት በመጋቢት ፈርሶ ነዋሪዎቹ ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውረው ነበር። ሰዎቹ ዕቃቸውን ጭነው ሲሄዱ ድመቶቹ፥ ከላይ እንደ ተናገርነው፥ ከፍርስራሹ ጋር ቀሩ። ከራስ መኰንን ድልድይ በላይ ካለው መንገድ ዳር፥ በዝናብ ውሃ መውረጃ ቦይ አፍ ላይ ያገኘነው ግልገልም ከነዚያ ድመቶች የተወለደ ሳይሆን አይቀርም። ወንድ ነው፤ መልኩ አመድማ ስለ ሆነ ልጃችን አመዶ አለችው። በኮታችን ጠቅልለን ይዘነው ገባን።

እናታችን በመቀመጫቸው እንዳሉ ጩኸቱን ሰሙ። ከዚያም እንዲህ አሉን፤ «ልጆቼ፥ የራበው አይባረርም። ነገር ግን እሜቴን በእርጅናዋ ከቤቷ የሚያስወጣት ከሆነ፥ የምታስወጡት እርሷን ብቻ እንዳይመስላችሁ።» ከዚህ በኋላ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ባለቤታችንና እኛ ግን ነገሩ የድመት ነገር ብቻ እንዳልሆነ በዚያች ሰዓት ተረዳን።

አንድ የተከበሩ ጎረቤታችን ወሬውን ሰምተው መጥተው ምክር ሰጡን። «ሁለቱን በአንድ ክፍል ቈልፉባቸው፤ አንድ ሌሊት ተናክሰው ይታረቃሉ» አሉን። ይህ ምክር በአገራችን ብዙ ሰው የሚሰጠው ነው፤ በኛ አስተያየት ግን ከምክሮች ሁሉ የከፋ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት የድመትን ትውልድ ማወቅ ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ2007 ዓ.ም. የታተመ የዘር ምርመራ እንደሚያስረዳው፥ በዓለም ያሉት የቤት ድመቶች ሁሉ የሚወለዱት በመካከለኛው ምሥራቅ ከሚገኘው የዱር ድመት ነው። የዚሁ አውሬ ወገን የሆነው የአፍሪካ የዱር ድመት ዛሬም በአገራችን ይኖራል። ከሰው ጋር የተዛመደውም ትናንት አይደለም፤ በቆጵሮስ ደሴት አንድ ሰው ከነድመቱ የተቀበረበት 9,500 ዓመት ገደማ የሆነው መቃብር ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ2004 ዓ.ም. ለዓለም ተገልጧል። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ዘመን የአዳኝነቷን ጠባይ አልለወጠውም፤ ድመት ብትመነኵስ ዐመሏን አትረሳ ሲባል የኖረው በከንቱ አይደለም። አንበሳ ከወገኖቹ ጋር በመንጋ ያድናል፤ የገደለው ጎሽ ለብዙ ይበቃልና። የድመት ግዳይ ግን አይጥ ናት። አይጥም ለሁለት አትካፈልም። ስለዚህ የዱር ድመት አደኗን ለብቻዋ፥ ምድሯንም ለብቻዋ ትይዛለች። ሌላ ድመት በምድሯ ላይ ድንገት ብታይ የሚታያት እንግዳ ሳይሆን ረኀብ ነው። እንግዲህ ሁለቱን በአንድ ክፍል የሚቈልፍ ሰው የሚያስታርቃቸው መስሎት መሸሻ የሌለው ጦርነት ያውጅባቸዋል።

ድመት ምድሯን የምታውቀው ደግሞ ይልቁንም በሽታ ነው። በጉንጯ፥ በአገጯ፥ በግንባሯና በጅራቷ ሥር፥ በመዳፎቿም መካከል ሽታ የሚያመነጩ ዕጢዎች አሏት። በበር መቃንና በወንበር እግር፥ በጌታዋም ቀሚስ ላይ ጉንጯን የምታሻሸው ፍቅር ለመግለጥ ብቻ አይደለም፤ ማኅተሟን ማሳረፏ ነው። ከላንቃዋ በላይ ደግሞ ከአፍንጫዋ ሌላ ሽታ የምትመረምርበት አካል አላት፤ አፏን ገርበብ አድርጋ እንደ ተደነቀ ሰው ስትቆም ያየ ሰው ያን ጊዜ በዚህ አካል እየመረመረች መሆኑን ይወቅ። ከዚህ የተነሣ አዲስ ድመት አስቀድሞ መግባት ያለበት በሽታው ነው፤ በአካሉ የሚገባው በመጨረሻ ነው።

በቀድሞ ዘመን ሹመት ወይም ፍርድ የሚፈልግ ሰው በመኳንንት ደጅ ስንት ወር ይጠና እንደ ነበር አንባቢዎቻችን ከአባቶቻቸው ሰምተዋል። ያ ልማድ ብዙ ሰው ያስመረረ ነበር። ለድመት ግን ከርሱ የተሻለ ሥርዓት አላገኘንለትም።

አመዶ ደጅ እንዲጠና የተሰጠው ሥፍራ ዕቃ ቤቱ ነው። ክፍሉ ትንሽ መስኮት አለው። የሚደበቅበት የእንጨት ሣጥን፥ ውሃ፥ ደረቅ አሸዋ የሞላበት ገበታ ገባለት። (የአሸዋው ገበታ ቍጥር ከድመቶቹ ቍጥር በአንድ ይብለጥ የሚሉት የእንስሳት ሐኪሞች ናቸው፤ ሁለት ድመት ላለው ቤት ሦስት ማለት ነው። ብዙ ጥል በዚህ ይርቃል።) በማግሥቱ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድነው። ሐኪሙ የወተት ጥርሱ ገና አለመነቀሉን አይተው ዕድሜው ሦስት ወር ገደማ መሆኑን ነገሩን፤ የቁንጫና የሆድ ትል መድኃኒት ሰጡት፤ ቆዳውንም ጭርት እንዳይኖርበት መረመሩ፤ ጭርት ከድመት ወደ ልጆች ይተላለፋልና። የእብድ ውሻ በሽታም ክትባት ተከተበ። ይህ በሽታ በስሙ የውሻ ይሁን እንጂ ድመትንም ይይዛል፤ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ከመንገድ የተነሣ ድመት የነከሰው ወይም የቧጨረው ሰው ቍስሉን በሳሙናና በውሃ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይሂድ። ይህን ነገር ከሌላው ሁሉ አብልጠን እናሳስባለን።

ከዚያም ሁለት ሳምንት ሁለቱ ሳይተያዩ ኖሩ። የዚህ ምክንያቱ ሥርዓት ብቻ አይደለም፤ በግልገሉ ውስጥ የተደበቀ ሕመም ካለ በዚያ ጊዜ ውስጥ ብቅ እንዲል፥ አሮጊቷንም እንዳይይዛት ነው። ልጃችን ወተት ልስጠው ብላ ብዙ ለመነች፤ ነገር ግን የላም ወተት የብዙ ድመቶችን ሆድ የሚያውክ ስለ ሆነ ከለከልናት። የሚበላው የተቀቀለ ሥጋና ሳንባ ነው፤ ወጥ የነካው ነገር ግን በፍጹም አይሰጠውም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ደም የሚያበላሽ መርዝ መሆኑን ብዙ ቤት አያውቀውም።

እሜቴ ግን ገና በመጀመሪያው ማታ ዐውቃለች። ወደ ዕቃ ቤቱ በር ሄዳ ከበሩ ሥር አሸተተች፤ አፏን ከፈት አድርጋ ብዙ ቆመች፤ ከዚያም ወደ እናታችን ክፍል ተመልሳ ጀርባዋን ለሁላችንም ሰጥታ ተቀመጠች።

በሦስተኛው ሳምንት የሽታ መልእክት መላላክ ተጀመረ። እናታችን አንድ አሮጌ ጋቢያቸውን ለሁለት ቀደዱት። እኩሌታው በእሜቴ መኝታ ላይ ተነጠፈ፤ እኩሌታው በአመዶ ሣጥን ውስጥ ገባ። በየሦስት ቀኑ ይለዋወጣሉ። በመጀመሪያው ልውውጥ እሜቴ ጨርቁን አይታ አጕረመረመች፤ በሁለተኛው ዘላው ዐለፈች፤ በሦስተኛው ከዳር በኩል ተቀመጠችበት። ከዚያ በኋላ ምግባቸውን በተዘጋው በር ግራና ቀኝ ማቅረብ ጀመርን። በመጀመሪያው ቀን የእሜቴ ሳሕን ከበሩ ስድስት ክንድ ርቆ ነበር፤ ደስ ብሏት ስትበላ በየቀኑ አንድ ስንዝር እናቀርበዋለን፤ ፊቷን ስታጠቍር ደግሞ አንድ ስንዝር እንመልሰዋለን። ይህ ሥራ ትዕግሥት ይፈልጋል። አንዳንድ ጊዜም ያስቃል፤ ባለቤታችን ከቢሮ ሲመለሱ ኮታቸውን ሳያወልቁ በመሬት ላይ ተንበርክከው በስንዝር ሲለኩ ያየ እንግዳ ምን እንዳሰበ እግዚአብሔር ይወቀው።

ሽታው ከተለመደ በኋላ የዐይን ተራ መጣ። በሩን ከፍተን በቦታው በእንጨት የተወጠረ የወንፊት ሽቦ አቆምን። ተያዩ። እሜቴ ጆሮዋን ወደ ኋላ አጣጥፋ እንደ እባብ ድምፅ አሰማች፤ አመዶም በሆዱ ተኝቶ ዐይኑን ጨፈን ገለጥ ማድረግ ጀመረ። ይህ የዐይን ነገር ተራ አይደለም። በእንግሊዝ አገር የሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፥ ሰው ለድመት ዐይኑን በቀስታ ጨፈን ገለጥ ቢያደርግላት እርሷም በዚያው እንደምትመልስ፥ ወደርሱም ለመቅረብ እንደምትደፍር አረጋግጠዋል። አፍጥጦ ማየት በድመት ዘንድ የጠብ አዋጅ ነው። ከሽቦው በስተውጭ የነበርን ሰዎችም ሁላችንም እንደ አንቀላፋ ሰው ዐይናችንን እየጨፈንን ተቀመጥን።

ነገሩ ሁሉ በዚህ መልካም መንገድ ሲሄድ በነሐሴ ወር አጋማሽ አንድ ከሰዓት በኋላ በረዶ የተቀላቀለበት ብርቱ ዝናብ መጣ። ነፋሱ የዕቃ ቤቱን መስኮት ገንጥሎ ሲያስገባው የሽቦው ወንፊት ወደቀ። አመዶ በበረዶው ድምፅ ደንግጦ ሲሮጥ የገባው በቀጥታ ወደ እናታችን ክፍል ነው። ቀጥሎ የተሰማው ጩኸት ከነጐድጓዱ በላይ ነበር። የቤት ሠራተኛችን ብልኅ ሴት ስለ ሆነች እጇን አላስገባችም፤ የድመት ንክሻ ጠልቆ የሚገባ በመሆኑ ቶሎ ይመግላልና። ጋቢ ወርውራ ከሸፈነቻቸው በኋላ ለየቻቸው። የአመዶ ጆሮ ተቀዶ ነበር። ከእሜቴ አንዲት ጠብታ ደም አልፈሰሰም፤ ነገር ግን ከእናታችን አልጋ ሥር ገብታ አልወጣችም።

በዚያ ማታ አልበላችም። በማግሥቱም አልበላችም። እናታችን ሌሊት እግራቸውን እያንቀሳቀሱ ክብደቷን ቢፈልጉ አላገኟትም፤ ጠዋትም ነግቶ ሳለ ገና ሌሊት መስሏቸው ብዙ ተኙ። ሐኪሙን ብንጠይቅ፥ ድመት ሁለት ሦስት ቀን ምንም ሳትበላ ከቈየች የሰውነቷ ስብ ወደ ጉበቷ ገብቶ እንደሚገድላት፥ ለአሮጊት ደግሞ ይህ ፈጥኖ እንደሚደርስ ነገሩን። በቢሾፍቱ ወፍጮ ቤት ያላቸው አንድ ዘመዳችን አመዶን ለአይጥ ጠባቂነት ሊወስዱት ፈቃደኛ ነበሩ። ቅርጫቱ ተዘጋጀ። ልጃችን በቅርጫቱ አጠገብ ተቀምጣ ታለቅሳለች፤ እኛም እናታችንን ፊት ለፊት ማየት አቃተን።

እናታችን ግን ወደርሳቸው ጠሩንና፥ «አንድ ሌሊት ስጡኝ» አሉ። ሳንባው እንዲሞቅ አዘዙ፤ የሞቀ ምግብ ሽታው ይበረታልና። በሩን ከውስጥ ዘጉ። ማንም እንዳይገባ፥ በሩንም እንዳያንኳኳ ከለከሉ። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው፤ በመሬት ላይ ቍርበት አንጥፈው ከአልጋው ሥር አጠገብ እንደ ተቀመጡ ዐወቅን፤ ከውስጥ የሚሰማው ድምፃቸው ብቻ ነበርና። ምን ይነግሯት እንደ ነበር አልጠየቅናቸውም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሲሆን፥ «በላች» የሚል ቃል ሰማን።

ባለቤታችን ያዳናት የሞቀው ሳንባ ነው ይላሉ። በኛ አስተያየት ግን ያዳናት የተዘጋው በር ነው። ማንም ሊገባበት የማይችል አንድ ክፍል እንዳላት ባወቀች ጊዜ ሆዷ ተከፈተ።

በማግሥቱ ቅርጫቱ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ሥራውም ሁሉ ከጋቢው ቍራጭ ጀምሮ እንደ ገና ተጀመረ። ይህ ሁለተኛው ከፊተኛው ይልቅ ፈጠነ። የለወጥነው ነገር ቢኖር ሦስት መብቶች በግልጥ ለእሜቴ መጽናታቸው ነው። አስቀድማ የምትበላ እርሷ ናት። ፀሐይ የሚገባበት መስኮት የርሷ ነው። የእናታችን ክፍል ደግሞ ለአመዶ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ወደ ሳሎን ከመግባቱ በፊት ልጃችን በሲባጎ ላይ የታሰረ የቆዳ ቍራጭ እየጐተተች ግማሽ ሰዓት ታስሮጠዋለች፤ የደከመ ግልገል አሮጊት አያስቸግርምና። የመስቀል ሰሞን በአንድ ሳሎን፥ አንዱ በዚህ ማዕዘን ሌላው በዚያ ማዕዘን፥ ቡና እስኪፈላ ድረስ ያለ ጠብ ተቀመጡ። በታኅሣሥ ወር አመዶ በሐኪም እጅ ተኰላሸ፤ ወንድ ድመት ሳይኰላሽ ካደገ ሽንቱን በየግድግዳው እየረጨ ርስት መጠየቁ አይቀርም።

ወዳጆች ሆነዋል ብለን አንባቢን አናታልልም። እሜቴ ዛሬ ዐሥራ አምስት ዓመት ሆኗታል፤ ወዳጅ የማፍራት ፍላጎቷ ካለፈ ብዙ ጊዜ ነው። አመዶም አድጎ በክብደት ይበልጣታል፤ ነገር ግን በር ላይ ሲገናኙ ቆሞ ያሳልፋታል። አንድ ጊዜ ብቻ ቀድሟት ሊገባ ሲሞክር በመዳፏ ግንባሩን መታችው፤ ጥፍሯን ግን አላወጣችም። ይህንንም እናታችን ከድምፁ ለይተው ዐውቀው ሳቁ።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ ጠዋት ጠዋት በመስኮቱ ደፍ ላይ ሁለቱም ይቀመጣሉ። ማን እንደ ፈቀደለት አላየንም፤ ከቢሮ በቀረንበት አንድ ቀን ተቀምጠው አገኘናቸው። እናታችን ይህን በነገርናቸው ጊዜ ተነሥተው በእጃቸው እየዳሰሱ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ለኩት፤ አንድ ክንድ ነበር። በዘንድሮው የኅዳር ብርድ እንደ ገና ለኩት። አንድ ስንዝር ከሁለት ጣት ሆኗል።